ሽሮ ፊት ላይ አይቀባም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ስለ አዩርቬዳ የጠዋት ልማድ

በዚህ ዙር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ በአዩርቬዳ፣ ማለትም በሕንድ ባህላዊ ሕክምና፣ «ዲናቻርያ» ስለሚባለው የጠዋት የራስ አጠባበቅ ሥርዓት። ምላስ መፋቅ፣ ዘይት መጉመጥመጥ፣ ገላን በሞቀ ዘይት ማሸት፣ አፍንጫ ማጠብ፣ በዱቄት መታጠብ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። ደብዳቤዎቹን ስናነብ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው የሕንዱን አሠራር እንዳለ ወስዶ በእኛ ዕቃ ከመሥራት ሆኖ አገኘነው። ሽሯችን በርበሬ አለበት፣ ንጥር ቅቤያችን ኮረሪማና ኮሰረት አለበት፣ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርን ያለፈች ናት፣ ውሃው ደግሞ በፈረቃ ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥረን ከነመልሳቸው አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ አካባቢ ቢሮ ነው የምሠራው። የታክሲ ሰልፉን ፈርቼ ከቤት የምወጣው 1 ሰዓት ላይ ነው። ቲክቶክ ላይ የማየው የአዩርቬዳ ጠዋት ግን ማለቂያ የለውም፤ ሁሉንም ላድርግ ብል ምሳ ሰዓት ይደርሳል። ከየቱ ልጀምር? የግድ ሌሊት መነሳትስ አለብኝ?

መልስ፦ በሦስት ነገር ይጀምሩ፤ ምላስ መፋቅ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ዘይት። ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።

ምላስ የሚፋቀው ከጥርስ በፊት ነው፣ ምንም ሳይጠጡ። ከማይዝግ ብረት ወይም ከመዳብ የተሠራ የምላስ መፋቂያ ከሌለዎት የሻይ ማንኪያ ጠርዝ ይሠራል። ከኋላ ወደ ጫፍ ብቻ፣ ከ5 እስከ 7 ጊዜ፣ በየመሃሉ በውሃ እያለቀለቁ ይሳቡት። የሚያቅለሸልሽዎ ወደ ጉሮሮ አብዝተው ስለሚያስገቡት ነው፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ከምላስዎ አጋማሽ ይጀምሩ። ከደማ ወይም በኋላ ትኩስ ነገር ሲጠጡ ከለበለበዎት አብዝተው ተጭነዋል። ቀጥሎ ጥርስዎን ይቦርሹ፣ ከዚያ አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ቀስ ብለው ይጠጡ። ቡናው ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ማንም አልከለከለዎትም።

ዘይቱን በተመለከተ የጥንቶቹ የአዩርቬዳ መጻሕፍት ራሳቸው ጊዜ ላጠረው ሰው ቦታ ትተዋል፤ መላ ሰውነቱን መታሸት ያልቻለ ራሱን፣ ጆሮውንና መዳፈ እግሩን አይዝለል ይላሉ። አንድ የሻይ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት ለሦስቱም ይበቃል። ጆሮ ሲባል የውጩ ክፍል ነው፤ ወደ ውስጥ አያንጠባጥቡ። ጸጉርዎን በማይታጠቡበት ቀን ራስዎን ይተዉት። እግርዎን ከተቀቡ በኋላ ካልሲ ሳያደርጉ ሴራሚክ ላይ አይቁሙ።

ስለ መነሻው ሰዓት፦ አዩርቬዳ የሚመክረው ፀሐይ ከመውጣቷ 96 ደቂቃ ቀደም ብሎ የሚጀምረውን ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ እንደ ወሩ ከ12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ እስከ 12 ሰዓት ከ50 ባለው ስለምትወጣ፣ ከሌሊቱ 10 ተኩል እስከ 11 ከሩብ ገደማ መሆኑ ነው። ለኪዳን ለሚነሱ እናቶች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሌሊት 6 ሰዓት ለሚተኛ ሰው ግን አይሆንም፤ እንቅልፍ ያጣ ፊትን የትኛውም ዘይት አያስመልሰውም። 12 ሰዓት ይነሱ፣ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ጠዋት ጠዋት በሰሊጥ ዘይት ታሽቼ እታጠባለሁ። ዘይቱ ግን አይለቅም፤ ልብሴ ሁሉ ዘይት ዘይት ይሸታል። ለማስለቀቅ በልብስ ሳሙና አጥብቄ ስታጠብ ደግሞ ቆዳዬ ከበፊቱ የባሰ ይደርቃል፣ ያሳክከኛል። ውሃም የሚመጣው በፈረቃ ነው። እንዴት ላድርገው?

መልስ፦ ሦስት ነገር ተደራርቦብዎታል፤ የዘይቱ ዓይነት፣ መጠኑ እና ሳሙናው።

ለዚህ ማሸት፣ ማለትም ለአብያንጋ፣ የሚሆነው ሰሊጡ ሳይቆላ የተጨመቀ ዘይት ነው። ቀለሙ ፈዛዛ ቢጫ፣ ሽታው ቀላል ነው። ቡናማ ሆኖ የተቆላ ሰሊጥ የሚሸት ከሆነ ለምግብ ይዋል፤ ልብስዎ ላይ የቀረው ያ ሽታ ሳይሆን አይቀርም። ሲገዙ ክዳኑን ከፍተው ያሽቱት። የቀለም ወይም የከረመ ለውዝ ዓይነት ሽታ ካለው ተበላሽቷል፣ ቆዳም ያስቆጣል። የሑመራና የመተማ ሰሊጥ ያለው አገር ውስጥ የተበላሸ ዘይት መቀባት ያሳዝናል። ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ አድርገው ከብርሃንና ከምድጃ ያርቁት።

መጠኑ ለመላ ሰውነት ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም ከ30 እስከ 45 ሚሊ ሊትር ነው። ቆዳዎ ወዝ ሊኖረው እንጂ ዘይቱ ሊንጠባጠብ አይገባም። ዘይቱን በትንሽ ጠርሙስ አድርገው፣ ከፔርሙስ በተቀዳ ሙቅ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ ያቁሙት። በቀጥታ እሳት ላይ አይጣዱት፤ ዘይት ሳይፈላ ነው የሚያቃጥለው። የእጅዎ አንጓ ላይ ጠብ አድርገው ይሞክሩ፤ ለብ ካለ ይበቃል።

የሚቀባው በደረቅ ገላ ላይ ነው። ከራስ ይጀምሩ፤ ከዚያ ጆሮ፣ ፊት፣ አንገት፣ ክንድ፣ ደረት፣ ሆድ፣ ጀርባ እያሉ መዳፈ እግር ላይ ይጨርሱ። ረጅም አጥንት ባለበት፣ እንደ ክንድና ጭን፣ እጅዎን ወደ ላይና ወደ ታች ረዘም አድርገው ይሳቡ። መጋጠሚያ ላይ፣ ትከሻ፣ ክርንና ጉልበት፣ ክብ ክብ እያደረጉ ይሹ። ሆድዎን በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ፣ ቀለል አድርገው። አሥር ደቂቃ ይታሹ፣ ሌላ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ይቆዩ። ጥርስ መቦረሽና ቁርስ ማሰናዳት እዚህ መሃል ይገባል።

አሁን ወደ ማስለቀቁ። ውሃ ከማፍሰስዎ በፊት አሮጌ የጥጥ ጨርቅ በሙቅ ውሃ ነክረው፣ ጠምዝዘው፣ መላ ገላዎን ይጥረጉ። ትርፉ ዘይት ጨርቁ ላይ ይቀራል። ቀጥሎ 3 የሾርባ ማንኪያ ንጹሕ የሽምብራ ዱቄት በውሃ ለውሰው ክንድና እግርዎን ይሹበት፤ የቀረውን ዘይት ይመጠዋል። ሳሙና ለብብትና ለብሽሽት ብቻ ይሁን፣ እሱም ለስላሳ የገላ ሳሙና። የልብስ ሳሙና የቆዳን የተፈጥሮ ቅባት ከዘይቱ ጋር ጠርጎ ነው የሚሄደው፤ ማሳከኩ የመጣው ከዚያ ይመስለናል። በዚህ አኳኋን አንድ ባልዲ ሙቅ ውሃ ይበቃዎታል። ውሃ በሌለበት ቀን ግን መላ ሰውነትዎን አይቀቡ፤ ዘይትና ላብ ቀኑን ሙሉ ልብስ ሥር ሲውል ቆዳ ላይ ሽፍታ ያወጣል።

ዱቄቱን ወደ ቱቦ በብዛት አይልቀቁት። ከዘይት ጋር ተቋጥሮ ቱቦ ይደፍናል፣ የሚያለቅሰው ደግሞ ከሥር ያለው ጎረቤት ነው። የወለሉን ዘይት እግርዎ ሳይደርቅ በጨርቅ ያንሱት። የዘይት ጨርቆችን ጠቅልለው አይከምሩ፤ በተለይ በደንብ ሳይታጠቡ በሙቅ ማድረቂያ ደርቀው የተከመሩ ጨርቆች ራሳቸው ግለው እሳት ሊያስነሱ ይችላሉ።

ሁሉን አስተካክለው ማሳከኩ ካልቆመ አለርጂ ሊሆን ይችላል። ዘይቱን ጠብ አድርገው ክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ላይ ይቀቡና ሁለት ቀን ይጠብቁ። ሰሊጥ ሲበላ የሚያሳብጠው ሰው ይህን ሙከራም አያድርግ፣ ጨርሶ ይተወው። ትኩሳት ያለበት፣ ቁስል ያለበት ወይም ገና ምግብ የበላ ሰውም አይታሽ።

«ሰሊጥ ብቻ ነው ወይ?» ለሚሉ፦ አዩርቬዳ ቆዳው ደረቅ ለሆነና ብርድ ለሚፈራው፣ ቫታ ለሚለው ሰው፣ ሰሊጥ ይሰጣል፤ ቶሎ ለሚቀላውና ለሚሞቀው ለፒታ ኮኮናት፤ ወዛም ለሆነው ለካፋ ደግሞ ዘይቱን ቀንሶ በደረቅ ዱቄት ማሸት። ኮኮናት ዘይት ከ24 ዲግሪ በታች ይረጋል፣ ስለዚህ ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ ደርቆ ቢያገኙት አልተበላሸም። ኑግም ይሆናል፤ ቀላል ነው፣ ግን ቶሎ ስለሚበላሽ በትንሽ በትንሹ ይግዙት።

ጥያቄ፦ ሰርጌ አንድ ወር ነው የቀረው። የሕንድ ሙሽሮች ይቀቡታል ሲባል ሰምቼ የቤታችንን ሽሮ በእርድና በሎሚ ለውሼ ፊቴን ተቀባሁ። እንደ እሳት አቃጠለኝ፣ ቢጫ ሆንኩ፣ በሳምንቱ ደግሞ ጉንጬ ላይ ጥቁር ነገር ወጣ። ማድያት ነው አሉኝ። ይለቃል? እንደገናስ ልሞክር? (ከ4 ኪሎ)

መልስ፦ ሦስቱም ጉዳት የየራሱ ምክንያት አለው።

ማቃጠሉ ከሽሮው ነው። በአሠራራችን ሽሮ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማና ሌላም ቅመም ያለበት ዱቄት ነው። ሕንዶች ለኡብታን፣ ማለትም ለሚቀባው የዱቄት ልውስ፣ የሚጠቀሙት ምንም ያልገባበት የሽምብራ ዱቄት ነው። ሽምብራውን ለቅመው ያስፈጩ፣ ወፍጮ ቤቱንም ከእርስዎ በፊት ምን እንደተፈጨ ይጠይቁ። በርበሬ ከተፈጨ በኋላ የሚወጣ የመጀመሪያው ዱቄት ለፊት አይሆንም።

ቢጫው እርዱ ነው፣ አያሳስብዎት። በጥጥ ወተት ወይም ዘይት ነክረው ቢጠርጉት ይቀንሳል፣ የቀረው በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። የበዛ እርድ ውበት አይጨምርም፤ የቢላ ጫፍ የምታነሳው ያህል ይበቃል። ተፈጭቶ ከሚሸጠው ይልቅ ደረቁን ሥር ገዝተው ቤት ይውቀጡ። እጅግ ያማረ ቢጫ የሆነ ዱቄት ሁሌ ጥሩ ምልክት አይደለም፤ ባንግላዴሽ ውስጥ እርድን ለማድመቅ እርሳስ ያለበት ሊድ ክሮሜት የተባለ ቀለም ሲጨመርበት ተደርሶበታል።

ጥቁሩን ያመጣው ሎሚው ይመስለናል። ሎሚ በጣም አሲዳም ነው፤ ከዚያም በላይ የትንሿ ሎሚያችን ጭማቂና ልጣጭ ቆዳ ላይ ቆይቶ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አለው። ቃጠሎው ሲድን ጥቁር ጠባሳ ይተዋል። ይህ ከማድያት የተለየ ነው፤ ፀሐይ ካላገኘው በሳምንታትና በወራት ይለቃል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከምድር ወገብ ቅርብ ናት። ብርድ ቢሆንም ጨረሩ አይበርድም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ መከላከያ መጠኑ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ክሬም፣ ለፊትና ለአንገት ሁለት ጣት ሙሉ፣ በየሁለት ሰዓቱ። ጃንጥላም አይናቁ። ከየሱቁ «ማድያት ያጠፋል» የሚባል ስሙ ያልታወቀ የማንጫ ክሬም ግን ለሰርጉ ብለው አይንኩ፤ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ያለባቸው አሉ፣ የሚያስከትሉት ከጥቁሩ ይብሳል። ጉዳዩ ማድያት ይሁን ቃጠሎ የሚለየው የቆዳ ሐኪም ነው።

ቆዳዎ እስኪረጋጋ ሁለት ሳምንት ምንም አይቀቡ። ከዚያ ከፈለጉ ይኸው፦ 2 የሾርባ ማንኪያ የሽምብራ ዱቄት፣ የቢላ ጫፍ እርድ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ያልጣፈጠ እርጎ፤ ቆዳዎ ደረቅ ከሆነ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት። መጀመሪያ መንጋጋ ሥር ይሞክሩት። ፊትዎ ላይ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ፣ ሳይደርቅ። ደርቆ እስኪሰነጠቅ መጠበቅ ነው ብዙዎቹን የሚያሳስተው፤ ሲፋቅ ቆዳ ይዞ ይሄዳል። በውሃ አርሰው፣ አላልተው ይጠቡት። በሳምንት አንዴ ይበቃል። የመጨረሻው ከሰርጉ ሦስት ቀን በፊት ይሁን፣ ነጭ የአገር ልብሱንም ከእርድ ያርቁ።

ጥያቄ፦ የመዳብ ጆግ ገዝቼ ውሃ ከሎሚ ጋር እያሳደርኩ ጠዋት እጠጣለሁ። ያቅለሸልሸኛል። ቆሻሻ እየወጣልኝ ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ መዳብ እየጠጡ ነው። አሲድ መዳብን ያሟሟል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 2 ሚሊ ግራም መዳብ ነው፤ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ መዳብ ውስጥ ካደረ ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል፣ የመጀመሪያ ምልክቱም ማቅለሽለሽ ነው። ንጹሕ ውሃ ብቻ፣ ለ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል አሳድረው፣ ጠዋት አንድ ብርጭቆ። ሎሚውን ከፈለጉ ብርጭቆ ውስጥ ይጭመቁት። ጆጉ ሲጠቁር ግን ሎሚና ጨው ነው የሚያጸዳው፤ ከውስጥም ከውጭም ይሹት፣ ደጋግመው ያለቅልቁት። ማር መጨመር ለሚወዱ፣ አዩርቬዳ ማርን በፈላ ውሃ አይፈቅድም፤ ውሃው ለብ ሲል ነው የሚገባው።

ጥያቄ፦ አራዳ አካባቢ ነው የምውለው። በግንባታው አቧራ አፍንጫዬ ተደፍኖ ያድራል። በኔቲ ማንቆርቆሪያ ልጠበው ብዬ የቧንቧ ውሃ አሙቄ፣ ቁንጥር ጨው ጨምሬ ሞከርኩ፤ ዓይኔ እስኪያነባ አቃጠለኝ።

መልስ፦ ያቃጠለዎት ጨው ማነሱ ነው። የአፍንጫ ሥጋ የሚስማማው ከሰውነት ፈሳሽ ጋር የተካከለ ውሃ ነው፤ ይህም በሊትር 9 ግራም ጨው፣ ለጥ ባለ የሻይ ማንኪያ አንድ ተኩል ይሆናል። ለአንድ ጊዜ ግማሽ ሊትር ስለሚበቃ ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ያድርጉ። የሱቁ ጨው አዮዲን ስላለበት አንዳንዱን ሰው ይቆጣዋል፤ አሞሌ ደግሞ አፈር አያጣውም። ቀላሉ መንገድ ፋርማሲ የሚሸጠው ኖርማል ሳላይን ነው። ቤኪንግ ሶዳ ለመጨመር የሚያስቡ ደግሞ ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ዕቃ መሆኑን ይወቁ፣ አሲድ አለበት።

ከጨው የሚበልጠው የውሃው ጉዳይ ነው። አሙቆ ማብረድ አይበቃም፤ መፍላት አለበት። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ለሆኑ ቦታዎች የሚመከረው ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ማቆየት ነው። ክዳኑን ከድነው ያብርዱት፣ ለብ ሲል ይጠቀሙ፣ የተረፈውን ይድፉ። ባልፈላ ውሃ አፍንጫ በማጠብ እምብዛም የማያጋጥም ግን ገዳይ የአንጎል ኢንፌክሽን የያዛቸው ሰዎች አሉ።

መታጠቢያው ላይ ጎንበስ ብለው ራስዎን ወደ ጎን ያዘንብሉ፣ በአፍዎ ይተንፍሱ፣ ከላይኛው ቀዳዳ ያፍስሱ፣ በታችኛው ይወጣል። ግማሹን በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው። ሲጨርሱ ጎንበስ ብለው ውሃውን ያንጠፍጥፉ፣ ሁለቱንም ቀዳዳ ሳይዘጉ ቀስ ብለው ይናፈጡ። አንዱን ይዘው በኃይል ከናፈጡ ውሃው ወደ ጆሮ ይሄዳል። አፍንጫዎ ጨርሶ ከተዘጋ ወይም ጆሮዎ ካመመ አይሞክሩት። አፍንጫ ውስጥ ዘይት ማንጠባጠብ የሚባለውን ግን ቤትዎ ውስጥ ባያደርጉት እንመርጣለን፤ ወደ ሳንባ የወረደ ዘይት ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 63 ነው። ልጄ ጠዋት ጠዋት ዘይት ተጉመጥመጪ ትለኛለች። በጾም ወራት ምን ላድርግ? መፋቂያዬንስ ልተው?

መልስ፦ እናታችን፣ መፋቂያዎን አይተዉ። የአዩርቬዳ ሰዎችም ጠዋት ጥርሳቸውን የሚያጸዱት በእንጨት ነበር፤ ውፍረቱ እንደ ትንሿ ጣት፣ ጣዕሙ መራራ ወይም አፍ የሚያደርቅ እንዲሆን ያዛሉ። የእኛ ወይራና ክትክታ ይህን ያሟላሉ። ጫፉን አኝከው ክር ክር እስኪል ያለስልሱት፣ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ይፋቁ፤ ወደ ጎን አግድም መፈተግ ድድ ያሸሻል። ከአንድ ቀን በኋላ ያኘኩትን ጫፍ ቆርጠው ይጣሉት። ማታ ግን ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ይቦርሹ፤ እንጨቱ ፍሎራይድ የለውም።

ዘይቱን በተመለከተ አንድ የሻይ ማንኪያ ሰሊጥ ዘይት፣ 5 ደቂቃ፣ አፍዎ ውስጥ ሳይታገሉ ያንቀሳቅሱት። መንጋጋዎ ከደከመ ያሳጥሩት። ነጭ ሆኖ ሲቀጥን ቆሻሻ ወጣ ይሉዎታል፤ ምራቅ ከዘይት ጋር ተመትቶ ነው። ወረቀት ላይ ተፍተው ቅርጫት ውስጥ ይጣሉት፣ መታጠቢያው ውስጥ ከተተፋ ቱቦ ይይዛል። አይዋጡት። ሳል የሚያስቸግርዎት ወይም ለመዋጥ የሚከብድዎት ከሆነ ይቅርብዎት።

ሰሊጥ የጾም ዘይት ነው፤ መጉመጥመጡ ጾም ይሽራል አይሽርም የሚለውን ግን የሚመልሱት የንስሐ አባትዎ ናቸው። የጠዋቱን ለብ ያለ ውሃ ጾሙን ሲፈቱ ይጠጡት፣ ምንም አይቀርብዎትም። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን የጾሙን ሰዓት ሐኪምዎ ያውቀው።

ጥያቄ፦ ጸጉሬ ላይ ፎሮፎር አለብኝ። ቅቤ ይሻላል ሰሊጥ?

መልስ፦ ፎሮፎሩ እስኪለቅ ሁለቱም ይቅሩ። ፎሮፎር የሚያባብሰው ፈንገስ የሚመገበው ቅባት ነው፤ በቀቡት ቁጥር እየቀለቡት ነው። ኬቶኮናዞል ያለው ሻምፑ በሳምንት ሁለቴ፣ ለአራት ሳምንት፤ አረፋውን 5 ደቂቃ ሳያጥቡ ያቆዩት። ሲለቅ ዘይቱን ከራስ ቅል ቆዳ አርቀው ጸጉሩን ብቻ ይቀቡ፣ ከመታጠብዎ አንድ ሰዓት በፊት። ለጸጉር ዘንግ ኮኮናት ይበልጣል፣ ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ።

ጥያቄ፦ የአጎቴ ልጅ ከሕንድ «ቆዳ ያጠራል» ብላ እንክብል ላከችልኝ። ከረጢቱ ላይ የሕንድ ጽሑፍ ብቻ ነው። ትሪፋላም አለበት ብላለች። አራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት ልውሰደው?

መልስ፦ አይውሰዱ፣ አንድም ፍሬ። ትሪፋላ የሦስት ፍሬዎች ዱቄት ሆኖ የሚያስቀምጥ ነው፣ ለነፍሰ ጡር አይመከርም። ትልቁ ስጋት ግን የማይታወቀው ክፍል ነው። አዩርቬዳ ውስጥ ሆን ተብሎ ከባድ ብረታ ብረት የሚገባባቸው መድኃኒቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሞ በወጣ ጥናት ቦስተን ከተማ ከሱቅ ከተገዙ 70 ከደቡብ እስያ የመጡ የአዩርቬዳ ምርቶች በ14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። እርሳስ ወደ ጽንሱ ያልፋል። እስካሁን ወስደው ከሆነ ስንት ቀን እንደሆነ ጽፈው፣ ለእርግዝና ክትትል ወደሚሄዱበት ጤና ጣቢያ ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ይሂዱ፣ የደም እርሳስ ምርመራ የት እንደሚሠራም ይጠይቁ። ከረጢቱን አይጣሉት፤ ሐኪሙ ሊያየው ይፈልጋል።